ሶፍትና ውሃ

«ሚስትህ ሶፍትና ውሃ ብቻ ታምጣ» አለ የታላቅ ወንድሙ ድምፅ። «ሌላ ነገር በእጇ እንዳትነካ። ነግሬሃለሁ።»

«እሺ ጋሼ» አለ ባሏ።

ስልኩን የመታጠቢያ ቤቱ መስታወት ሥር አስደግፎ ድምፁን ለቆት ነበር። ጢሙን ሲላጭ እጁ ሳሙና ስለሆነበት ነው እንጂ እንዲህ ያለውን ወሬ በር ከፍቶ የሚያወራ ሰው አይደለም። እሷ ኮሪደሩ ላይ ቆማ የእሱኑ ሸሚዝ እየተኮሰች ነበር። ካውያው ባለበት ቀረ፤ ጨርቁ መሽተት ሲጀምር ነው ብድግ ያደረገችው። የጠበቀችው ትልቅ ነገር አልነበረም። «ተው ጋሼ፣ ዓመት አለፈው እኮ» ቢል ይበቃት ነበር። «እስቲ እሷንም ልጠይቃት» ቢልም አትጠላም። ሰውየው ግን አገጩን ቀና አድርጎ አንገቱን መላጨቱን ቀጠለ። ወጥቶ ሸሚዙን ሲቀበላት «ሰምተሻል አይደል?» አላት። ሰምቻለሁ አለች። «እንግዲያው ድንች እንዳትቀቅዪ» አለና የሸሚዙን ቁልፎች ሲቆልፍ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ድንቹ ግን ገና በማለዳ ተቀቅሎ፣ ተልጦ፣ ተከትፎ፣ በማዮኔዝ ተለውሶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ተቀምጧል።

መጋረጃ ሰፊ ናት። ከገበያው ጀርባ ባለ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ፣ መስኮት በሌለው ክፍል ተቀምጣ የሰው መስኮት ስታለብስ ትውላለች። አፏ ቁጥብ ነው፣ እጇ ፈጣን። በባሏ ቤተሰብ ዘንድ ግን መጋረጃ ሰፊነቷም፣ ምራትነቷም፣ የወንድም ሚስትነቷም ቀርቷል፤ ከአምናው ሽርሽር ወዲህ ስሟ «ማዮኔዝ» ሆኗል። ስሙን ያወጣላት ታላቁ ወንድም ነው። ጎማ ቤት ስላለው ሰፈሩ ጎሚስታው ይለዋል። ሲጠራትም እየሳቀ ነው፤ ፊቷ ከጠቆረ «ቀልድ ነው፣ አትክረሪ» ይላታል። ቀልዱ እንዲህ ነው፤ አምና በዚሁ በሙቀቱ ወራት ሐይቁ ዳር ሄደው የበሉ ሁሉ ሆዳቸውን ይዘው አመሹ። ጎሚስታው መጸዳጃ ቤት ውስጥ ተቀምጦ፣ በሩን ከውጭ የሚደበድቡ ልጆቹን ሲሳደብ ያመሸው ራሱ ነው። የበሉት የዶሮ ጥብስ፣ ዳቦ፣ ሐብሐብና የእሷን የድንች ሰላጣ ነበር። ዶሮውን የጠበሰው የቤቱ ልጅ ነው። ዳቦው ተገዝቶ የመጣ ነው። ሐብሐብ ደግሞ ማንንም ገድሎ አያውቅም። ከሰው ቤት የመጣች ልጅ የሠራችው ሰላጣው ብቻ ነበርና ፍርዱ ብዙ አልፈጀም። እሷም እንደነሱ ስታስመልስ ማደሯን ማንም አላነሳውም።

ቀልድ የማይሆነው ግን ሚጡ ነች። ሚጡ የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ናት፣ ሁሉም የሚሳሳላት። አምና ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ገና ሆዷ አልገፋም። የሁሉም ሕመም በማግስቱ ሲለቃቸው የእሷ ትኩሳት አልለቅ አለ፤ ሆስፒታል ገባች፣ ስትወጣ ፅንሱ አልነበረም። ሐኪሙ ምክንያቱ ይህ ነው ብሎ አፉን ሞልቶ መናገር እንደማይችል ነገራቸው። ቤተሰቡም አልተናገረም። አንድም ቀን፣ አንድም ሰው፣ በፊቷ «አንቺ ነሽ» ብሏት አያውቅም። ማዮኔዝ ይሏታል፣ ይስቃሉ፣ ከዚያ ዝም ይላሉ። አንጀቷን የሚቆርጠው ያ ዝምታ ነው። ቢሰድቧት መልስ ትሰጥ ነበር። እሷም ብትሆን እኮ ራሷን ስትጠረጥር ነው የከረመችው፤ እንቁላሉ ይሆን? ቢላዋው? መንገድ ላይ ሞቆበት ይሆን? ዘንድሮ ሚጡ እንደገና እርጉዝ ናት፣ ሆዷም ገፍቷል። መጋረጃ ሰፊዋ ደግሞ ለዛሬው ቀን አንድ ሐሳብ ነበራት፤ ሰላጣውን በበረዶ መሐል አድርጋ ወስዳ፣ በሁሉም ፊት መጀመሪያ ራሷ በልታ፣ ስሟን ማስመለስ። ባሏ ሁለት ቃል ተናግሮ ሐሳቡን ከነድንቹ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀረው።

ሶፍቱንና ውሃውን መንገድ ዳር ካለ ሱቅ ገዛች። ባለሱቁ የውሃ ዋጋ መጨመሩን ሲነግራት በሙቀቱ አመካኘ። ሰሞኑን የማይመካኝበት ነገር ስለሌለ አልተከራከረችውም። መኪና ውስጥ ባሏ ስለ ነዳጅ፣ ስለ መንገዱ መቆፈር፣ ስለ አለቃው አዲስ ጫማ አወራ። ጥፋተኝነት ሲሰማው ወሬ ይበዛበታል። እሷ የሶፍቱን ጥቅል ታቅፋ ወደ ውጭ ታያለች። «ዛሬ እንኳ ፊትሽን ፈታ አድርጊው፤ ሚጡ እንዳይከፋት» አላት ሐይቁ ሲታይ። ሚጡ እንዳይከፋት። የእሷን መከፋት የሚቆጥር ሰው ከዚህ ቤት አልተወለደም።

ሐይቁ ዳር ቤተሰቦች የሚከራዩት የቆርቆሮ ጥላ በረድፍ ቆሟል፤ በየጥላው ሥር የሲሚንቶ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው አጠገብ የከሰል ምድጃና የብረት ፍርግርግ አለ። ጭሱ ከአንዱ ቤተሰብ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ የልጅ ጩኸት፣ የኳስ ድምፅ፣ ከየመኪናው የሚለቀቅ ዘፈን። እነሱ ሲደርሱ ሚጡ ጫማዋን አውልቃ ያበጠ እግሯን አግዳሚ ወንበር ላይ ሰቅላለች፤ ባሏ ሥራ ስላለው አልመጣም። የጎሚስታው ልጆች ውሃው ዳር ይንቦጫረቃሉ። አማቷ፣ ሁሉም እማማ የሚሏት፣ ከዘራዋን ጉልበቷ ላይ አጋድማ ጥላው ሥር ተቀምጣለች። መጋረጃ ሰፊዋ ጎንበስ ብላ ሳመቻት። አሮጊቷ ጉንጯን ሰጠቻትና «ደከመሽ?» አለቻት፤ መልሱን ሳትጠብቅ ፊቷን ወደ ሚጡ መለሰች።

ጎሚስታው ገና አልደረሰም ነበር። የመጣው ሁሉም በረሃብ መነጫነጭ ከጀመረ በኋላ ነው። ጠዋት ዶሮውን ጭኖ ሲወጣ አንድ ደንበኛ ጎማ ፈንድቶበት ደውሎለት ኖሮ፣ መኪናውን ሱቁ በር ላይ ፀሐይ ላይ ገትሮ ሲሠራ ቆይቷል። «ዶሮው ደህና ነው፤ ከትናንት ማታ ጀምሮ ተዘፍዝፏል፣ በቆየ ቁጥር ይጣፍጣል» አለ። ዶሮው የተዘፈዘፈበት ነጭ ባልዲ የመኪናው የኋላ ኮፈን ውስጥ ነው፤ ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ዘይት፣ ሌላም ለማንም የማይናገረው ነገር አለበት። በረዶ ይዘህ ና ያለው ሰው እንኳ ቢኖር መልሱ ይታወቃል፤ በረዶ ቅመሙን ይገድለዋል። የጎማ ጥቁረት ከማይለቀው እጁ ላይ ላቡን በሱሪው ጠረገና ከሰሉን አቀጣጠለ። ጥብሱ የአባታቸው ጥብስ ነው። አባታቸው በሕይወት ሳለ ማንም ምድጃውን አይጠጋም ነበር። ሥጋው ሲበስል በትሪ ይዞ ወደ መኪናው ጀርባ ይሄዳል፣ ሲመለስ ዶሮው እያብለጨለጨና እየሸተተ ነው፤ እዚያ ምን እንደሚያደርገው ጠይቆ መልስ ያገኘ የለም። ሲሞት ምስጢሩን የማውቀው እኔ ነኝ ያለው ጎሚስታው ነው፤ አምናም ለመጀመሪያ ጊዜ የጠበሰው እሱ ነው።

«ማዮኔዝ! ውሃው ይምጣ እንጂ፣ በጥም ልትጨርሺን ነው? አምና በሆድ፣ ዘንድሮ በጥም!» ብሎ ጮኸ። ልጆቹ ሳቁ። ሚጡ አልሳቀችም፤ ወደ ሐይቁ ዞራ ሆዷን ደባበሰች። ባሏ ምድጃውን በካርቶን ያራግባል፣ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ።

ውሃው የባሏ መኪና ውስጥ ነበር፤ የጎሚስታው መኪና ደግሞ አጠገቡ ቆሟል። ጎንበስ ብላ የውሃውን ጥቅል ከኋላ መቀመጫ ስትጎትት የእግር ድምፅ ሰማች። ጎሚስታው ነው፣ የበሰለውን ዶሮ በትሪ ደርድሮ። አላያትም። ግራ ቀኙን ቃኘ፣ ኮፈኑን ከፈተ፣ የነጩን ባልዲ ክዳን አነሳ። ከዚያ የበሰለውን ሥጋ አንድ በአንድ በእጁ እያነሳ ባልዲው ውስጥ መንከር ጀመረ። ጥሬው ዶሮ ሌሊቱን የተኛበት፣ ፀሐይ ላይ የዋለ፣ ደም የቀላቀለ ሮዝ ውሃ ነው። ይነክራል፣ ያወጣል፣ ያንጠበጥባል፣ ትሪው ላይ መልሶ ይደረድራል። ትሪውም ቢሆን ጥሬው ወደ ምድጃው የሄደበት ያው ትሪ ነው። የሚያደርገው በክብር ነው፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር፣ ከአባቱ ጋር የሚያወራ ይመስላል። ኮፈኑን ዘግቶ እያፏጨ ሄደ።

ይህን መደበቅ አይገባም፤ መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነበር። ውሃውን መሬት ላይ አስቀመጠችው፣ ሳቋ መጣ። እንቁላሉ አልነበረም። ቢላዋው አልነበረም። አምና እማማ ብቻ ሳትታመም ስትቀር «ፈጣሪ ጠበቃት» ተብሎ ነበር፤ እማማ ግን ሰላጣውን ሁለቴ አስጨምራ የበላች ናት። ያልነካችው ዶሮውን ነው። እንዴት ዓመት ሙሉ ይህን ሳታስብ ቀረች? ሁለተኛው ሐሳብ ከመጀመሪያው የባሰ ነበር፣ እሱም ደስ አላት። ይብሉ። ዘንድሮ የእሷ እጅ የገባበት ምንም የለም፤ ውሃው ታሽጎ የተገዛ ነው፣ ሶፍቱ ከነላስቲኩ። ይብሉና ማታ እንደ አምናው ሆዳቸውን ይዘው ይወድቁ፤ ማዮኔዝ የሚለው አፍ ያኔ ምን እንደሚል ታያለች። ዝም ከማለት በቀር ምንም አይጠበቅባትም፣ ዝም ማለት ደግሞ ይህ ቤተሰብ በደንብ ያስተማራት ነገር ነው። ሚጡስ? የሚለውን ሐሳብ ገፋ አደረገችው። ውሃውን ተሸክማ ስትመለስ እማማ ከሩቅ ትኩር ብላ እያየቻት ነበር።

ትሪው ጠረጴዛው መሐል አርፏል። ዶሮው ያብለጨልጫል፣ ሽታው ልክ እንደ አባትየው ዘመን ነው። ሁሉም ተሰበሰበ። እማማ ለሚጡ ዳቦ ቆርሳ እየሰጠቻት «ዶሮ ለእርጉዝ ይከብዳል፣ አንቺ ዳቦውንና ሐብሐቡን ብዪ» አለቻት። ሚጡ ሳቀች፤ «እማዬ ደግሞ! ሐኪሙ ሥጋ ብዪ ብሎኛል እኮ።» እማማ ደገመችው፣ ሠለሰችው፣ በመጨረሻ ሽታው ለልጁ ጥሩ አይደለም እስከማለት ደረሰች። ጎሚስታው ተቆጣ፤ «እማማ፣ የአባባ ጥብስ ነው እኮ! መቼ ነው ሰው ያሳመመው?» አለ። መጋረጃ ሰፊዋ ወደ ባሏ ጠጋ ብላ «ዶሮውን አትብላ፤ ጥሬው የተዘፈዘፈበት ውስጥ መልሶ ሲነክረው አይቼዋለሁ» አለችው በሹክሹክታ። ባሏ ፈገግታውን ሳያጠፋ «እባክሽ አትጀምሪ» አላት።

ሚጡ የዶሮ እግር አነሳች።

እማማ ሚጡን አላየችም። ያየችው መጋረጃ ሰፊዋን ነው። አሮጊት ዓይኗ ረጥቦ፣ ሳይርገበገብ፣ ፊቷ ላይ ተተከለ፤ ምን ማለቷ እንደሆነ መጋረጃ ሰፊዋ ያኔ አልገባትም። የገባት የሚጡ አፍ መከፈቱ ብቻ ነው።

«ሚጡ፣ እንዳትበዪ!»

ከራሷ አንደበት የወጣ አልመሰላትም። ጎሚስታው ቀስ ብሎ መቆንጠጫውን አስቀመጠና ወደ ሁሉም ዞሮ «አያችሁ? ተጠየፈችን» አለ። ሌባ ቢሏት ኪሷን ታሳያለች፤ ተጠየፈችን ሲሏት ምን ታሳይ? ሥጋው ንጹሕ አይደለም ማለት እናንተ ንጹሕ አይደላችሁም ማለት ነው፣ አባታችሁም አልነበረም ማለት ነው፤ ቤተሰቡ የሚሰማው እንደዚያ ብቻ ነው። «መጠየፍ አይደለም…» ብላ ስትጀምር ሚጡ አቋረጠቻት። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር።

«ከወንድሜ እጅ ብበላ ምን እሆናለሁ? ካንቺ እጅ በልቼ የሆንኩትን ሆኛለሁ።»

ይኸው፣ ተባለ። ዓመት ሙሉ ሲብላላ የከረመው ነገር በዶሮና በዳቦ መሐል፣ በጠራራ ፀሐይ ወጣ። ባሏ መሬት መሬት ያያል። በሕይወቷ እንደዚያች ቅጽበት ሰው ጠልታ አታውቅም። ብዪው፣ ልትላት ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ብዪው፣ እስክትጠግቢ ብዪው። ሚጡ ግን በሌላው እጇ ሆዷን ይዛ ነበር፣ ሴት ሳታስበው እንደምትይዘው። መጋረጃ ሰፊዋ ተነሳች፣ የዶሮውን እግር ከሚጡ ጣቶች መሐል ነጠቀች፣ ትሪውን በሁለት እጇ አንስታ አመዱና አሸዋው ላይ ገለበጠችው። አንዱ ቁራጭ ተንከባሎ ከጎሚስታው ጫማ ሥር ቆመ።

ጎሚስታው እጁን አነሳ። ባሏ መሐል ገባ፤ የገባው ግን ለወንድሙ ፊቱን፣ ለእሷ ጀርባውን ሰጥቶ አይደለም። ወደ እሷ ዞሮ «ይቅርታ ጠይቂ! አሁኑኑ!» አላት። «የአባቴን ምግብ መሬት ደፋች!» ይላል ጎሚስታው፤ «የሞተ አባቴን ምግብ!» ልጆቹ ማልቀስ ጀመሩ። ከጎረቤት ጥላ ሰዎች አንገታቸውን አሰገጉ። እሷም ቤተሰቡ ውስጥ ከገባች ጀምሮ አንቱ ስትለው የኖረችውን ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አለችው። «ጥሬው ያደረበት ባልዲ ውስጥ መልሰህ ስትነክረው አይቼሃለሁ። አምናም ነክረኸዋል። ያመመን እሱ ነው፣ ሚጡንም ለዚያ ያበቃት ያ ነው።» የጎሚስታው ፊት አመድ መሰለ፤ ለአፍታ የገባው ይመስል ነበር። ከዚያ ቁጣው ደረሰለት። «ትሰልለኛለች! ምስጢሬን ትሰልላለች! አባባ ዕድሜ ልኩን እንዲሁ ነክሮ ነው ያበላን፤ ማን ሞተ? እማማ፣ አባባ አይነክርም ነበር?»

ሁሉም ወደ አሮጊቷ ዞሩ። እማማ አንድ ሶፍት ጭኗ ላይ ዘርግታ በጥንቃቄ ታጥፍ ነበር፤ አጠፈችው፣ እንደገና አጠፈችው፣ የሚታጠፍ እስኪጠፋ ድረስ።

«ይነክር ነበር» አለች።

በቃ፣ ነገሩ አለቀ። ጎሚስታው ወደ ምስክሩ፣ ወደ እናቱ፣ እጁን ዘረጋ፣ ሚጡ ማልቀስ ጀመረች፣ ባሏ ሚስቱን ይቅርታ እያስጠየቀ ራሱ ደጋግሞ ይቅርታ ጠየቀ። ዳቦና ሐብሐብ በሉ። ጎሚስታው አንድ ጊዜ የዶሮ ዋጋ ሰማይ መንካቱን ተናግሮ ከንፈሩን መጠጠ። ትሪውን የማጠቡ ሥራ የማን እንደሆነ መጠየቅም አላስፈለገም። መጋረጃ ሰፊዋ መጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ወዳለው ቧንቧ ወስዳ በአሸዋና በሳሙና ስትፈትገው የከዘራ ድምፅ ከኋላዋ መጣ። እማማ እጇን ልትታጠብ ነው። ጎን ለጎን ቆሙ። አሮጊቷ ውሃውን እያየች፣ ለውሃው የምትነግር ይመስል፣ ተናገረች።

«አባታቸው ይነክር ነበር። ግን ጥሬው ሳይገባበት በፊት ቅመሙን በጎድጓዳ ሳህን ቀንሼ የማስቀምጥለት እኔ ነበርኩ። ልጁ ሲነክር አየ እንጂ እኔ ስቀንስ አላየም።»

መጋረጃ ሰፊዋ ቧንቧውን ዘጋችው። «መቼ አወቁ?»

«አምና፣ ሁለተኛውን ትሪ ይዞ ወደ መኪናው ሲሄድ ተከትዬው። የመጀመሪያውን ከእኔ በቀር ሁሉም በልተው ነበር።»

«ዓመት ሙሉ!» አለች። «ዓመት ሙሉ እንደዚያ ሲጠሩኝ ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። ለምን አልነገሯቸውም?»

«ምን ብዬ? የእህትህን ልጅ አንተ ነህ ብዬ? ይህን ሰምቶ አንድ ቀን አያድርም። ልጄ ነው።»

«እኔስ እማማ?»

አሮጊቷ እጇን በቀሚሷ አደረቀች። ክፋት አልነበረባትም፤ ሐሳቧን ነው የተናገረችው። «አንቺማ ቻልሽው» አለች። ጥቂት ከሄደች በኋላ መለስ ብላ ጨመረች፤ «ከመኪናው ስትመጪ ፊትሽን አይቼ ነበር። ዝም እንደማትዪ አውቄያለሁ። አንቺ ጥሩ ሰው ነሽ።» ይህን የመሰለ ምስጋና ሰምታ አታውቅም፤ ትሪውን መልሳ ፈተገችው፣ ንጹሕ ነበር፣ ቢሆንም ፈተገችው።

መንገድ ላይ የሰማችውን ሁሉ ለባሏ ነገረችው፣ ከጎድጓዳ ሳህኑ ጀምሮ። የመንገድ መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላ ጥሩንባ እስኪነፋበት አልነቃም። «እማማ እንዲህ አትልም» አለ በመጨረሻ። ደውለህ ጠይቃት አለችው። እንዲህ ያለው ነገር በስልክ አይጠየቅም አለ። ቤት ሲገቡ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም፤ አምና በዚህ ሰዓት ሁለቱም መታጠቢያ ቤቱን ይሻሙ ነበር። እሷ ማቀዝቀዣውን ከፍታ ሰላጣውን አወጣች፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ ማንኪያ ይዛ ብቻዋን መብላት ጀመረች። ረሃብ ነበረባት። ባሏ ሳህን ይዞ እንደሚቀመጥ አሰበች፤ እሱ ግን የዳቦ ቁራጭ አንስቶ ቆሞ በላ።

ጎሚስታው ደወለ። ባሏ ተቀበለ፣ ድምፁን ቢቀንስም የጎሚስታውን ጩኸት የሚችል ስልክ የለም። እማማም ሚጡም እሱ ቤት ናቸው። ባሏ አመነታ፣ ሚስቱን አየ፣ ከዚያ እማማን አቅርብልኝ አለ። ይህን በማለቱ መጋረጃ ሰፊዋ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «እማዬ፣ አባባ ሲነክር… ቅመሙን አንቺ ለብቻ ትቀንሺለት ነበር እንዴ?» አለ። የአሮጊቷ ድምፅ ዘግይቶ መጣ፤ «እኔ እንዲህ ያለውን ነገር ምን አስታውሼ ልጄ። ሚስትህን አትቆጣት፣ ደክሟት ነው።» ስልኩ ወደ ጎሚስታው ተመለሰ። ልጆቹ ደህና መሆናቸውን፣ ሚጡ እራቷን ጥሩ አድርጋ በልታ መተኛቷን፣ እሱም እንደ ብረት መሆኑን ዘረዘረ። «ልብ በል እንግዲህ! አምና ሰላጣ በላን፣ ወደቅን። ዘንድሮ ሰላጣ የለ፣ በሽታ የለ። ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ትፈልጋለህ?»

ባሏ ስልኩን ዘጋ። መጋረጃ ሰፊዋ ጠበቀችው። በዚህች ቤት ውስጥ፣ በዚህች ሰዓት፣ አንድ ሰው ቢያምናት ይበቃት ነበር። ባሏ ዓይኑን ወደ ሰላጣው ሳህን ላከና «እሱስ እውነቱን ነው እኮ» አለ ቀስ ብሎ። «ዘንድሮ ማንም አልታመመም።»

«አልታመማችሁም» አለች። ማንኪያዋን አንስታ አንድ ጉንጭ በላች፣ አላምጣ ዋጠች። «የሚመጣው ዓመት ትሪው ሲቀርብ ቁጭ ብዬ አያችኋለሁ።»

እንድትስቅ ጠበቃት። «ቀልድሽን ነው?» አላት።

«አይደለም» አለች።